ኢንቱይሽኒስት የሚባለው ማን ነው?

(በአዲስ ቅዳም ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪ የተዘጋጀ ዲስኩር)



ወደዚህ ስመጣ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ የተቀበለኝ ዲከረንስ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ይህን ቃል የማያውቅ ገበሬ የለም። ችግኙም ዲከረንስ፣ ማሳውም ዲከረንስ፣ ተጭኖ አዲስ አበባ የሚሄደው ከሰልም የዲከረንስ ከሰል ነው። ዛፉ ከአውስትራልያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው። ስሙ ደግሞ ላቲን ነው፤ «ወደ ታች የሚሮጥ» ማለት ነው። የእጽዋት ሊቃውንት ስሙን ያወጡለት ከቅጠሉ መነሻ ጀምሮ በቀንበጡ ላይ ቁልቁል የሚወርደውን ጠርዝ አይተው ነው። ነገ ጠዋት አንድ ቀንበጥ ቆርጣችሁ በጣታችሁ ዳስሱት፤ ጠርዙን ታገኙታላችሁ። አንድ ሰው አንድ ቀን አተኩሮ ያየው ነገር ቃል ሆኖ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ እዚህ ደጋ ላይ የገበያ ቋንቋ ሆነ ማለት ነው። ቃሉን የምንጠራ ሁላችን ጠርዙን ረስተነዋል፤ ጠርዙ ግን አለ።

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ሌላ የላቲን ዘር ያለው ቃል ነው። ገበያ አልወጣም፤ የሚገኘው በዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ኢንቱይሽኒስት ይላል፤ በሒሳብ ፍልስፍና የአንድ ወገን ደጋፊ መጠሪያ ነው። ተማሪ ሳለሁ መጀመሪያ ያገኘሁት በአንድ መጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ነበር። መዝገበ ቃላት ብገልጥ «በስሜት የሚያውቅ» የሚል ዓይነት ፍቺ አገኘሁና ግራ ገባኝ። የሒሳብ ሊቅ ሆኖ በስሜት የሚያውቅ ምን ዓይነት ሰው ነው? ማስረጃ ሲጠየቅ «ልቤ ነገረኝ» ብሎ የሚያልፍ መሰለኝ፤ ለዓመታትም እንደዚያው ይዤው ኖርሁ። ተሳስቼ ነበር። ከሒሳብ ሊቃውንት መካከል ማስረጃን አጥብቀው በመጠየቅ ኢንቱይሽኒስቶችን የሚያህል የለም። ከስሕተቴ ያወጣኝ የቃሉን ዘር መቁጠሬ ነው።

መጀመሪያ ይህ ስም የተሰማበትን የሊቃውንት ጠብ ላስረዳ። ከ100 ዓመት በፊት በአውሮፓ የሒሳብ ሊቃውንት በአንድ ጥያቄ ተለያይተው ነበር፦ ቁጥር የት ነው ያለው? በግ 7 ሊሆን ይችላል፣ ቤትም 7 ሊሆን ይችላል፤ 7 ራሱ ግን የት ነው? አንዳንዶቹ ከሰው ተለይቶ፣ ሰው ቢኖርም ባይኖርም፣ በራሱ ዓለም አለ ይላሉ፤ እነዚህ በጥንቱ በአፍላጦን ስም ይጠራሉ። ሌሎቹ ነገሩ ሁሉ በወረቀት ላይ በደንብ የሚካሄድ የምልክት ሥራ ነው አሉ፤ ቅርጽ ከሚለው ቃል ፎርማሊስት ተባሉ፤ አለቃቸው ጀርመናዊው ዳቪድ ሂልበርት ነበር። ሦስተኛው ወገን ኢንቱይሽኒስት ነው። የእሱ አለቃ በ1881 እ.ኤ.አ. የተወለደው ሆላንዳዊው ሉይትሰን ብራወር ነው።

ብራወር በ1907 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጽሑፉን ስለ ሒሳብ መሠረት ጻፈ። በ1912 በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሲሆን ያደረገው ንግግር ርእሱ «ኢንቱይሽኒዝምና ፎርማሊዝም» ነበር፤ በማግስቱ ዓመት በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር መጽሔት ወጣ። በዚያ ንግግር ጠቡን በአንድ ጥያቄ ጠቀለለው፦ የሒሳብ ጥራት የሚገኘው የት ነው? አንዱ ወገን በሰው አእምሮ ውስጥ ይላል፤ ሌላው በወረቀት ላይ ይላል። መጠሪያውን ብራወር አልፈጠረውም። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ አገር በጎና ክፉ ያለ ሌላ ማስረጃ በቀጥታ ይታወቃል የሚሉ የሥነ ምግባር ፈላስፎች በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ቃሉ ከጊዜ በኋላ ቁጥር ላይም ተተከለ።

አሁን ወደ ሥሩ እንውረድ። መነሻው የላቲኑ «ቱዌሪ» ነው፤ መመልከት፣ ዓይንን መጣል፣ ከዚያም ዓይንን ጥሎ መጠበቅ ማለት ነው። ልጅን የሚጠብቅ ሰው በሮማውያን ሕግ «ቱቶር» ይባል ነበር። ዛሬ ልጆቻችን «ቱቶሪያል አለብን» ሲሉ ይህንኑ ሥር መጥራታቸው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያነበበ ደግሞ የእንግሊዝኛው ቅጂ ቱቶር ያለውን የአማርኛው «ሞግዚት» እንዳለው ያስታውሳል። ሞግዚት ዓይኑን ከልጁ የማያነሣ ሰው ነው። ቃሉን ለመረጡልን የሕግ ሰዎች አድናቆቴ ትልቅ ነው።

በዚህ ግንድ ላይ «ኢን» የምትል ቃል ተጨምራለች። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው። «ኢን» ስንሰማ «ውስጥ» ማለት ይመስለናል፤ ስለዚህ «ውስጣዊ ስሜት» ብለን እንተረጉማለን። በዚህ ቃል ግን ትርጉሟ «ወደ» ወይም «ላይ» ነው። «ኢንቱዌሪ» ማለት በአንድ ነገር ላይ ዓይንን ማሳረፍ፣ አተኩሮ ማየት ነው። ስሜት የሚባል ነገር በውስጡ የለም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1781 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ ይህንኑ ሐሳብ የገለጸው «አንሻውንግ» በሚል የአገሩ ቃል ነው፤ እሱም «ወደ ነገሩ ማየት» ነው። ብራወር ትምህርቱን በከፊል የወሰደው ከካንት ነው።

የቀረችው ጅራቱ ናት፣ «ኢስት» የምትለው። እሷ የግሪክ ናት። ግሪኮች ከግስ ተነሥተው የአድራጊ ስም ሲያወጡ «ኢስቴስ» ብለው ይጨርሳሉ። ከእነዚህ ስሞች ሁሉ በዓለም የታወቀው የአንድ ሰው ስም ነው፦ ዮሐንስ፣ «ባፕቲስቴስ»። መንከር ከሚለው የግሪክ ግስ የወጣ ነው። ከግሪክ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ ስትወርድ ጅራቲቱ ለእምነትና ለአቋም ተከታይ ሁሉ መጠሪያ ሆነች። ኮሚኒስቱም፣ ኢንቱይሽኒስቱም የዮሐንስን የስም ጅራት ይዘው ነው የሚሄዱት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የእኛ ሰዎች በዚህ ስም ላይ የሠሩት ሥራ ዛሬ ለምለምናችሁ ነገር ዋና ምስክሬ ነው። ወንጌልን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የመለሱት የአክሱም ዘመን ተርጓሚዎች ይህን ስም ሲያገኙ እንዳለ ገልብጠው «ዮሐንስ ባፕቲስት» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ሰውየው ምን ያደርጋል ብለው ጠየቁ። ውኃ ውስጥ ይነክራል፣ ያጠምቃል። «ጠመቀ» የሚል የራሳቸው ግስ ነበራቸው፤ አድራጊን የሚያወጣ የራሳቸው ቅርጽም ነበራቸው። መጥምቅ አሉት። ጥር 11 ቀን ጥምቀትን ስናከብር በአፋችን የምናገኘው ይህን ሥራ ነው። በየቤታችሁ ጠላ የምትጠምቁ እናቶችም የዚሁ ግስ ባለቤቶች ናችሁ።

እነዚያው የግዕዝ ሰዎች መበደርም ያውቁ ነበር። በዘመን ቆጠራችን በባሕረ ሐሳብ ያለው «አበቅቴ» የግሪክ ቃል ነው። የጨረቃ ትርፍ ቀን መለኪያ ስለሆነ፣ ሙያተኛው ብቻ ስለሚጠቀምበት፣ ከነድምፁ አስገቡት። የድርጊትን ስም ግን ተረጎሙ። ልዩነቱን እነሱ ለይተውታል።

ሆላንዶችም እንዲህ ያለ ሰው ነበራቸው። ሲሞን ስቴቪን ይባላል፤ ከ1548 እስከ 1620 እ.ኤ.አ. የኖረ መሐንዲስና የሒሳብ ሊቅ ነው። የአገሬ ቋንቋ ለሳይንስ ይበቃል ብሎ ቃላት ቀረጸ። በዚህ የተነሣ ሆላንዳዊ ተማሪ ዛሬም «ማቴማቲክስ» አይልም፤ «ዊስኩንደ» ይላል፣ የተረጋገጠ ዕውቀት ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ለሚወርድ መስመር ያላቸው ቃል ግንበኛ በገመድ ጫፍ ከሚያንጠለጥለው እርሳስ የመጣ ነው፤ እኛ ያንን ዕቃ ቱንቢ እንለዋለን። ብራወር የ1907ቱን ጽሑፍ ርእስ ሲሰጠው የተጠቀመው የስቴቪንን ቃል ነው። በልጅነቱ በአገሩ ቋንቋ ቆጥሮ ያደገ ሰው ነው ሒሳብ የሚገኘው በሰው አእምሮ ነው ያለው። በአጋጣሚ አይመስለኝም።

እንግዲህ ኢንቱይሽኒስትን በአማርኛ ምን እንበለው?

«ደመ ነፍሳዊ» የሚሉ አጋጥመውኛል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ደመ ነፍስ ሳያስቡ መሥራት ነው፤ እሳት የነካው እጅ የሚሸሽበት ነው። ብራወር ያለው የዚህን ተቃራኒ ነው። «ሐሳባዊ» እንዳንል ቦታው ተይዟል፤ የአብዮቱ ዘመን ጸሐፊዎች ከቁስ አካላዊ ጋር አጣምረው ለሌላ ወገን ሰጥተውታል። እኔ ቃሉ የራሱን ሥር ይከተል እላለሁ፦ ማየት ነው ካልን፣ በምን ማየት? ይህን በቤተ ክርስቲያን ስብከትና ጸሎት ስንሰማው አድገናል። ዓይነ ልቡና። ልቡና በግዕዝ አእምሮ፣ ማስተዋል ነው። ላቲኑ አተኩሮ ማየት ያለውን ግዕዛችን ከነዓይኑ ይዞታል። የወገኑን ትምህርት «የዓይነ ልቡና ትምህርት»፣ ደጋፊውን «ዓይነ ልቡናዊ»፣ ብዙ ሲሆኑ «ዓይነ ልቡናውያን» ብንላቸው ቃሉም ሥሩም ይስማማሉ።

በነገራችን ላይ፣ ይህች «አዊ» የምትል የግዕዝ መድረሻ ከዞናችሁ ስም ጋር ድምፅዋ አንድ ነው። ዝምድና ግን የላቸውም። የእናንተ አዊ የአገው ሕዝብ ራሱን የሚጠራበት፣ ራሱን የቻለ ስም ነው። ይህን የማነሣው ድምፅ ስለተገጣጠመ ብቻ ዘር የሚሠሩ ሰዎች በየጊዜው ስለምሰማ ነው። የቃል ዘር ቆጠራ ድምፅን ብቻ ተከትሎ የሚሄድ አይደለም፤ ታሪክ መጠየቅ አለበት።

አሁን ዓይነ ልቡናዊው የሚያየው ምኑን እንደሆነ እንይ። ብራወር ከካንት የወሰደው ስለ ጊዜ የተባለውን ነው። አንድ ቅጽበት ይመጣል፤ ያልፋል፤ ሌላ ይተካዋል። ያለፈውን ይዘን የመጣውን ስናይ ሁለት ሆነ። ያንን እንደገና ስንይዝ ሦስት ይሆናል። ቁጥር ሁሉ ከዚህ ይወጣል፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም። በሳምንታችን ቀናት ውስጥ ይህ ሁሉ ተጽፏል። እሑድ አንድ ማለት ነው። ሰኞ ከግዕዙ ሰኑይ የመጣ ነው፣ ሁለተኛ። ማክሰኞ ላይ ስንደርስ አማርኛ የግዕዙን ሠሉስን ትቶ የሚደንቅ ነገር አደረገ፦ ማግስተ ሰኞ፣ የሰኞ ማግስት። ሦስትን ከሁለት ቀጥሎ በመምጣቱ ብቻ ሰየመው። ከዚያ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ነው። ቅዳም ደግሞ ቀዳሚት ሰንበት፣ የመጀመሪያይቱ ሰንበት ናት። ማክሰኝት፣ ሐሙሲት፣ አርብ ገበያ የሚባሉ ከተሞች እንዳሉን ሁሉ የእናንተም ከተማ የተጠራው በዚህ ቆጠራ ነው።

ብራወርን ከሒሳብ ዓለም ጋር ያጣላው ግን ሌላ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ፣ ከአርስጣጣሊስ ጀምሮ ጸንቶ የኖረውን ደንብ ነካ፦ አንድ ነገር ወይ አለ ወይ የለም፣ መሐል የለም የሚለውን። በገበያ ላስረዳ። አንድ ሰው በግ ጠፋበት እንበል። በጉ ወይ ገበያው ውስጥ አለ፣ ወይ የለም። ይህ ትክክል ነው፤ ገበያው ዳር አለው፤ ከዳር እስከ ዳር ሄዶ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ፈልጎ ጨርሶ መልስ ይሰጣል። ገበያው ዳር ባይኖረውስ? ብትሄድ ብትሄድ የማያልቅ ቢሆንስ? ያኔ «ወይ አለ ወይ የለም» ብሎ መማል፣ ፈልጎ የጨረሰ ሰው መምሰል ነው ይላል ብራወር። አለ የምትል ከሆነ አሳየኝ፤ የለም የምትል ከሆነ ሊኖር እንደማይችል አስረዳኝ፤ ሁለቱንም ካልቻልህ ዝም በል።

የራሱ ምሳሌ ፓይ ነበር። የክብን ዙሪያ ለመሐል ስፋቱ ስናካፍል የምናገኘው ቁጥር 3.14159 እያለ ያለ መጨረሻ ይቀጥላል። በዚህ ሰልፍ ውስጥ 0123456789 ተከታትሎ ይመጣል ወይስ አይመጣም? በብራወር ዘመን መልስ የሚሰጥ አልነበረም። እሱ በ1966 እ.ኤ.አ. አረፈ። በ1997 ያሱማሳ ካናዳና ዳይሱኬ ታካሃሺ የሚባሉ ጃፓናውያን በኮምፒውተር ከ51 ቢልዮን በላይ አሃዝ አስልተው፣ ከነጥቡ በኋላ በ17,387,594,880ኛው ቦታ ላይ ሲጀምር አገኙት። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲህ ብራወር ተሸነፈ» ይላል። እኔ አልልም። አለ ለማለት ያበቃቸው ቦታውን በቁጥር ማሳየታቸው ነው፤ እሱም የጠየቀው ይህንኑ ነው። ምሳሌው አረጀ፤ የማያልቀው ገበያ ግን እንደ እሱ ያለ ጥያቄ ሞልቶታል።

ለዚህ እምነቱ ዋጋ ከፍሏል። በ1928 እ.ኤ.አ. ሂልበርት ከታላቁ የሒሳብ መጽሔት የአዘጋጆች ቡድን አስወጣው፤ ከዚያ በኋላ ብራወር ለብዙ ዓመታት ዝምታን መረጠ። ተማሪው አረንድ ሃይቲንግ በ1930 የመምህሩን ሥነ አመክንዮ በደንብ ጻፈው፤ ዛሬ የኮምፒውተር ሊቃውንት ፕሮግራም ትክክል መሆኑን ሲያረጋግጡ ከእሱ ይጠቀማሉ።

«አሳየኝ» የሚለው ጥያቄ ለእኛ አገር ባዳ አይደለም። የፋሲካን ቀን የሚያወጣ መሪጌታ «አንድ ቀን ላይ ይውላል» ብሎ አያሰናብትም፤ ደረጃ በደረጃ ያወጣዋል። የ2018 ዓ.ም.ን አብረን እናውጣ። 5500 ሲጨመር 7518 ዓመተ ዓለም ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመኑ ብለን ስንቀንስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 በ30 ሲገደፍ 12፤ አበቅቴው ይህ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ ሲገደፍ 18፤ መጥቅዑ ይህ ነው። ሁለቱ ተደምረው 30 መሙላታቸው ሥራችን ልክ ለመሆኑ ምልክት ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለት የሚጨመረው ቁጥር፣ 7 ነው፤ 18 እና 7 ሲደመር 25፤ መባጃ ሐመሩ ይህ ነው። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ። የፋሲካ ተውሳክ 9 ነው፤ 25 እና 9 ሲደመር 34፣ ሠላሳውን ስንገድፍ 4። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን። ማንም ሕፃን ይህን መንገድ ተከትሎ ራሱ ይደርስበታል። ዓይነ ልቡናዊ ማለት ሒሳብ ሁሉ እንዲህ ይሁን የሚል ሰው ነው።

የትምህርቱ ስም ደግሞ ባሕረ ሐሳብ ነው። ሐሰበ በግዕዝ አሰበም፣ ቆጠረም ማለት ነው። ሒሳብ የምንለው ከዐረብኛ የመጣው ቃል የዚሁ ሥር ወንድም ነው። የሒሳብ ደብተሩን የሚገልጥ ልጅና በሐሳብ የተዋጠ ሽማግሌ በአንድ ሥር ላይ ተቀምጠዋል። ብራወር በ1912 ሊያስረዳ የደከመለትን ነገር ሴማውያን ቋንቋዎች በሦስት ፊደል ይዘውት ነበር።

አገውኛችሁን፣ አውኚን፣ ሳልነካ ብወርድ ግን ይቆጨኛል። ሁለት ላንጋ ነው፤ ሰባት ላንጌታ። የአማርኛ ፊደል መካከለኛውን ድምፅ በደንብ አይይዘውም፤ እናንተ አቃኑት። ሰባቱ ውስጥ ሁለቱ ይሰማል። ስምንትና ሦስትንም እንዲሁ አስተያዩአቸው። የአገው ቋንቋዎችን ያነጻጸሩ እንደ ዴቪድ አፕልያርድ ያሉ ሊቃውንት ምክንያቱን ያውቃሉ፦ አምስቱ የእጅ ጣት ሲሞላ ከሌላው እጅ ሁለት ተጨምሮ ነው ሰባት የተባለው። ሰባት ቤት አገው እያላችሁ፣ ጥር 23 ቀን በፈረስ እየወጣችሁ የምትጠሩት ቁጥር በእጅ ላይ የተሠራ ቁጥር ነው። የጥንቱ አገው ሰባትን ተበድሮ አላመጣውም፤ እጁን ዘርግቶ፣ እያየ፣ ሠራው።

በዞናችሁ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች በአውኚ ይማራሉ። ስለዚህ የአማርኛውን ቃል እኔ እንዳቀረብሁላችሁ የአውኚውን ከእናንተ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ንገሩኝ። በአውኚ «ቆጠረ» እና «አሰበ» ስትሉ ግሱ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ከኋላ የተቀመጣችሁት አባቶች ስትንሾካሾኩ እያየኋችሁ ነውና ከእናንተ እንጀምር።